«ኤር» እና «ኤቨር» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ የእንግሊዝኛ ግጥሞች ላይ «ኤር» የምትል ቃል አትጠፋም። በሦስት ፊደል ነው የምትጻፈው፤ ኢ፣ አር፣ ኢ። «ኤቨር» ሲያጥር ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። «ኤር» ያረጀች መስተዋድድ ናት፤ ትርጉሟ «በፊት» ነው። ሰውን የሚያሳስተው ድምፁ ነው። እሷም ሆነች ያጠረችው «ኤቨር» «ኤርፖርት» ስንል በመጀመሪያ እንደሚሰማው ነው የሚነበቡት። «ኤቨር» ሲያጥር ግን በሁለቱ ኢዎች መካከል ጭረት ይገባል፣ አር ደግሞ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። ጭረት ካየህ «ምንጊዜም» ነው።

«ኤር ኑን» ማለት ከቀትር በፊት ነው። «ኤር ሎንግ» ደግሞ «ብዙም ሳይቆይ»። ከስም ፊት ብቻ አትቆምም፤ ከሙሉ ዓረፍተ ነገር ፊት ገብታ መስተጻምርም ትሆናለች። ዛሬ በየቀኑ የምንጠቀምበት «ኧርሊ» የተወለደው ከእሷ ነው።

ሌላ አስተያየት፦ እኔ የምጨምረው አለኝ። «በፊት» ብቻ ብለን ካለፍን ቃሏን እንጎዳታለን። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዮሐንስ 4፥49 ላይ ይቺው «ኤር» አለች። የእኛው ምን ይላል? «ብላቴናዬ ሳይሞት ውረድ»። አያችሁ፣ «ሳይ»! «ከመሞቱ በፊት ውረድ» ቢባል ሞቱ የተቆረጠ ይመስላል፤ የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። «ሳይሞት» ውስጥ ግን ገና ተስፋ አለ፣ ልመናም አለ። ስለዚህ ግስ ከተከተላት እኔ በ«ሳይ» ነው የምተረጉማት።

መልስ፦ ትክክል ብለሻል እህቴ። ናፖሊዮን ተናገረው እየተባለ የሚቀለድበትም ዓረፍተ ነገር እንዲሁ ነው፦ «ኤብል ዋዝ አይ ኤር አይ ሶው ኤልባ»። «ኤልባን ሳላይ ኃያል ነበርኩ» እንደማለት። ኤልባ በ1814 የተጋዘባት ደሴት ናት። በእርግጥ ፈረንሳዊው ንጉሠ ነገሥት በእንግሊዝኛ እንዲህ አይፈላሰፍም፤ የሰው ፈጠራ ነው። ብልሃቱ ያለው ፊደሉ ላይ ነው። በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ከኋላ ወደ ፊት ብታነቡት ያው ራሱ ይመጣል። መሃሉ ላይ የተቀመጠችው «ኤር» ናት፤ እሷም ብቻዋን ከሁለቱም ወገን አንድ ናት። በሌላ «በፊት» ብትተኳት ጨዋታው ፈረሰ። ብዙ ሰው ቃሏን የሚያውቃት በዚህች ቀልድ ብቻ ይመስለኛል።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ታዲያ የሥራ ማመልከቻ ላይ ብጥላትስ? ትንሽ ሞገስ አትሰጥም?

መልስ፦ ኧረ ተው! ኢሜይልን «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ብሎ እንደመዝጋት ነው። «ቢፎር» ምን አጠፋች? ግጥም ስትጽፍ ግን፣ በተለይ ባለ ሁለት ቀለሟ «ቢፎር» ቤት አልመታ ካለችህ፣ ባለ አንድ ቀለሟን «ኤር» ጥራት። የድሮዎቹ ገጣሚዎችም ይህን ያውቁበታል።