ኢንቨርተሬ 173 ቮልት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ቶሎ እርዱኝ

ፀጉር ቤቱ፦ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ሰው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ወንበር ላይ ነው። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረውን ኢንቨርተር ስለካው 173 ቮልት! ቶንዶሱ ያጓራል። የፎጣ ማሞቂያውን ስሰካ ደግሞ ጲጥ ጲጥ ብሎ ይጠፋል። ከፍቼዋለሁ፣ ውስጡ በካቻቪቴ የምትዞር ትንሽ ነገር አለች። ወደየት ላዙራት?

ባትሪ ወዳጅ፦ ፊውዙን አየኸው?

ፀጉር ቤቱ፦ ፊውዝ ቢቃጠል 173 ከየት ይመጣል ወንድሜ?

ካቻቪቴ፦ ወደ ቀኝ አዙራት። ከጨሰ ወደ ግራ 😂

መምህሩ፦ እንዳትነካት! መጀመሪያ አጥፍተህ ክደነው፤ ውስጡ ቻርጅ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ከጠፋም በኋላ 300 ቮልት አካባቢ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሳይን ዌቭ (እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ሞገድ) የማይል ርካሽ ኢንቨርተር ከሆነ ቮልቴጁ ምንም አልሆነም፣ የሚሳሳተው ቴስተርህ ነው።

ፀጉር ቤቱ፦ ቴስተሩ አዲስ ነው። ትናንት ሶኬቱን ለክቼ 221 አሳይቶኛል። ኢንቨርተር ሲያይ ነው እንዴ የሚዋሸው?

መምህሩ፦ አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ያንተ ኢንቨርተር ሞገዱ እንደ መብራት ኃይሉ የተስተካከለ አይደለም፤ ወደ 311 ይዘላል፣ ዜሮ ላይ ይቆማል፣ በተቃራኒው 311 ይዘላል፣ እንደገና ዜሮ። ጊዜውን እኩል ካካፈለው እውነተኛው አርኤምኤስ (ሥራ የሚሠራው ቮልቴጅ ማለት ነው) 311 ለ1.414 ተካፍሎ 220 ነው። ተራ ቴስተር ግን አማካዩን ይወስድና ሞገዱ ሳይን ነው ብሎ በ1.11 ያባዛል። የ311 ግማሽ 155.5፣ ሲባዛ 173። ያንተው ቁጥር! ያቺ ነገር የቮልቴጅ ማስተካከያ ብትሆንና ቴስተሩ 220 እስኪል ብታዞራት እውነተኛው 280 ይደርሳል። ቻርጀሮችህን ተሰናበታቸው። ትሩ አርኤምኤስ የሚል መለኪያ ተውሰህ እይ። ቶንዶሱም የሚያጓራው በዚሁ በሚዘል ሞገድ ነው።

ጎረቤት፦ ጋሼ፣ ልጁ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት አስገቡት እኮ። እኔ ቴስተርም የለኝ፣ ባለ ክር አምፖል እሰካለሁ። ሶኬት ላይ እንደሚበራው ከበራ ቮልቴጁ ደህና ነው። ኤልኢዲ ግን አያሳይም።

ባትሪ ወዳጅ፦ ፊውዙን ግን አየኸው?

መካኒኩ፦ ሁላችሁም ጲጥ ጲጡን ረሳችሁት። የፎጣ ማሞቂያው ስንት ዋት ነው? 500 ከሆነ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ40 አምፒር በላይ ይስባል። ሽቦህ 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ባትሪው 2 ሜትር ርቆ ከሆነ መሄጃና መመለሻው ብቻ 0.7 ቮልት ይበላል። ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች 10.5 አካባቢ ሲደርሱ ይጮኻሉ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ፣ ማሞቂያው እንደተሰካ መጀመሪያ የባትሪውን ምሶሶ፣ ቀጥሎ የኢንቨርተሩን መግቢያ ለካ። ባትሪው ራሱ ከወደቀ ባትሪው ነው፤ ባትሪው ቆሞ መግቢያው ከወደቀ ሽቦው ወይም ያልጠበቀ ብሎን ነው። ቀዩን ገመድ 10 አምፒር ቀዳዳ ላይ እንዳትተወው፣ ባትሪውን ሾርት ታደርገዋለህ።

ፀጉር ቤቱ፦ ሽቦው ከድሮ ሬዲዮ የወጣ ነው። ቀጭን ነው።

መካኒኩ፦ በል ንቀለው አሁኑኑ! እጅህን አስነካው፣ ሞቋል?

ካቻቪቴ፦ ግማሹን የተላጨው ሰውዬስ?

አዲስ ገቢ፦ የኔ ሳይን ዌቭ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፣ 190 ያሳያል። እኔም ልተወው?

መምህሩ፦ የለም፣ እውነተኛ ሳይን ቢሆን ተራ ቴስተርም በትክክል ያሳየው ነበር። ወይ ቮልቴጁ ወርዷል፣ ወይ ስሙ ብቻ ነው ሳይን። ለብቻው ጠይቅ፣ ምን እንደተሰካበትም ጻፍ።