23 ጨዋታ፣ 22 ሽንፈት፦ እንዲህ ያለ ክለብ ለምን አይወርድም?

የጠባሴ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፣ ሳቁ ግን መልሱልኝ።

እህቴ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ነው ያለችው። ከሦስት ዓመት በፊት በሰው እጅ ሰማያዊና ቢጫ የሱፍ ሻርፕ ላከችልኝ። የደብረ ብርሃንን ጥቅምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጧት ስትወጣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነው የምታገኘው፣ እኔም ለብርዱ ብዬ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። የክለብ መሆኑ የገባኝ አንድ ልጅ ካፌ ውስጥ ንስሩን አይቶ "ክሪስታል ፓላስ ነህ እንዴ?" ሲለኝ ነው። አይደለም። ዌስት ኮስት ኢግልስ ይባላል። ጨዋታውም የኛ እግር ኳስ አይደለም። እነሱ ፉቲ ይሉታል። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፣ በእግርም በእጅም ትሄዳለች፣ መወርወር ግን ክልክል ነው፣ በቡጢ ነው የሚመቷት። በአንድ ወገን 18 ሰው ይገባል። ግብ ጠባቂ የሚባል ነገር የለም።

እንዲሁ ለማየት ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ሜልቦርን ላይ ከሰዓት ሲጫወቱ እኛ ጋ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቤተሰብ ተኝቶ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ፣ የስልኬን መብራት ቀንሼ፣ ነጥብ እቆጥራለሁ። የማን ነጥብ እንደምቆጥር አትጠይቁኝ።

ገና በጀመርኩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ማለት ነው፣ ሲድኒ ሄደው 205 ለ34 ተሸነፉ። አልተሳሳትኩም፣ 171 ነጥብ ልዩነት። በዚያ ዓመት ያሸነፉት 3 ጨዋታ ነው። በ2024 5 አሸነፉ፣ "አሁን ተነሱ" አልኩ። ዘንድሮ 2025 ላይ 23 ተጫውተው 22ቱን ተሸነፉ። አንዷን ያሸነፉት ግንቦት ላይ ሴንት ኪልዳን ነበር፣ ያን ቀን ደግሞ እኔ ለቅሶ ቤት ነበርኩ፣ ስልኬን ዘግቼ። በሦስት ዓመት 69 ጨዋታ፣ 9 ድል። ከዘጠኙ ትልቋን ሳላያት አለፈች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ የሚሸነፍ ክለብ ለምን ወደ ታች ሊግ አይወርድም? ሰዉስ ምን ሊያይ ነው ገንዘብ ከፍሎ ስታዲየም የሚገባው? እኔስ ልተወው ወይስ ልጠብቅ? እህቴን ስጠይቃት "እኔ ለሙቀቱ ነው የላክሁልህ፣ ማን ደግፍ አለህ" ትላለች።

ቀይ ሰይጣን፦

ወንድሜ አንጀቴን በላኸው። እኛ ማንቼዎች በ2024/25 ሲዝን 15ኛ ስንወጣ የሰፈር ሰው በሙሉ ስቆብናል፣ ፀጉር ቆራጩ እንኳን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሙልጭ አድርጎ ነው የሰደበኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተን እያሰብኩ እጽናናለሁ። 😂 ግን እውነት አይወርዱም?

የደብረ ሲና ልጅ ከፉትስክሬይ፦

የጠባሴው፣ እኔ ሜልቦርን ፉትስክሬይ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ከእንጀራና ከወጥ እኩል በየቀኑ ጆሮዬ ላይ ነው። ልንገርህ።

አይወርዱም። መውረጃ የለማ። ሊጉ 18 ክለብ ነው፣ በቃ። ከሥር በየግዛቱ ሌሎች ሊጎች አሉ፣ ከነሱ ተነስቶ ወደ ላይ መውጣት ግን የለም። የመጨረሻ የወጣ ክለብ "የእንጨት ማንኪያ ወሰደ" ይባላል፣ እኛ ጋ ቢሆን ማማሰያ እንለው ነበር። ዕቃው በእጅ የሚሰጥ እንዳይመስልህ፣ ስድብ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የአውሮፓ ክለብ ሲደክም ገንዘብ ያወጣና ተጫዋች ይገዛል። እዚህ ያ አይሠራም። ለተጫዋቾች የሚከፈለው ደሞዝ ጣሪያ አለው፣ ሀብታምም ደሃም ክለብ ከዚያ በላይ አይከፍልም። ታዳጊዎቹ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር ላይ በተራ ይመረጣሉ። ድራፍት ይሉታል፣ የሚጠጣውን እንዳይመስልህ። መጨረሻ የወጣው ቀድሞ ይመርጣል፣ ዋንጫ የበላው መጨረሻ። ኢግልስ በ2023 ማማሰያዋን ይዞ ሃርሊ ሪድ የሚባለውን ልጅ በቁጥር 1 የወሰደው በዚህ ነው። ዘንድሮም አንደኛው ምርጫ የነሱ ነው።

ለምን እንዲህ ወደቁ ካልክ ነገሩ ከ2018 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ዋንጫ በሉ። ኮሊንግዉድ በመጀመሪያው ሩብ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጎሎች አግብቶ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ዶም ሺድ የሚባል ልጅ ከሜዳው ጠርዝ፣ ማዕዘኑ እጅግ ከጠበበበት ቦታ ላይ ሆኖ መታትና 79 ለ74 አሸነፉ። እኔ ለነሱ አልደግፍም ግን ያንን ምት አሁንም ዩቲዩብ ላይ እከፍተዋለሁ። ከዚያ አንድ ሌላ ዋንጫ እንጨምራለን ብለው በ2019 ቲም ኬሊን ከጂሎንግ አመጡ። ጥሩ ተጫዋች ነው፣ ይሄን አልክድም። ግን በምትኩ የሰጡት የድራፍት ምርጫቸውን ነው፣ የመጀመሪያ ዙሩን ጨምሮ። በ2020 በገዛ ሜዳቸው በአንድ ነጥብ ተሸንፈው ከጥሎ ማለፉ ወጡ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ጫማ ሰቀሉ፣ ኬኔዲ በ2022፣ ኸርን፣ ሹዊና ናይታኑዪ በ2023። ከኋላ የሚተካ አልነበረም። በ2022 ኮቪድ ገብቶባቸው ከውጭ ተጠባባቂ ሰው ጠርተው ያሰለፉበት ቀን ሁሉ ነበር።

ጉዞውም አለ። ከ18ቱ 10ሩ እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ ነን። የኛዎቹ ባቡር ተሳፍረው ይመጣሉ፣ እነሱ ከፐርዝ 4 ሰዓት ገደማ በርረው ነው። ቡድኑ ጠንካራ ሲሆን ማንም አያነሳውም፣ ሲደክም ግን ጉልበት ላይ ይታያል።

ያላወቅከው ነጥብ ካለ ውጤት ሲጻፍ ተመልከት። 5.4 (34) ካለ 5 ጎል 4 ቢሃይንድ ማለት ነው። በሁለቱ መካከለኛ ቋሚዎች ውስጥ ያለፈችው 6፣ በጎን ያለችው 1። ያ ያስለቀሰህ 34 ይሄው ነው። ሲድኒ 31.19 ነበራቸው፣ አስላው።

የሂሳብ ሰው፦

ቆይ ቆይ። መጨረሻ የወጣ ምርጡን ልጅ ካገኘማ ጎበዝ አሠልጣኝ ሆን ብሎ አይሸነፍም? እኔ ብሆን ነሐሴ ላይ ልምምድ አቆም ነበር።

የደብረ ሲና ልጅ ከፉትስክሬይ፦

ጠርጥረው ያውቃሉ እኮ። የ2009ን ሲዝን በተመለከተ ሜልቦርን የሚባለው ክለብ ተመርምሮ በ2013 500,000 ዶላር ተቀጥቷል። አስቂኙ ነገር ሊጉ "ሆን ብለው አልተሸነፉም" ብሎ ነው የቀጣቸው። እንዴት ነው አትበለኝ፣ እዚህም ሰው እስካሁን ይከራከርበታል። ሜዳ ላይ ያሉት ልጆች ግን አይተኙም። የ20 ዓመት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ልጅ እንዲተካ ብሎ ኳስ አይለቅም።

ጋሽ መንዜ፦

ልጆች፣ እኔ ይሄን ጨዋታ አይቼው አላውቅም። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው ያለሁት፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ልጄ ናት ይሄን የከፈተችልኝ። ግን የፉትስክሬዩ ልጅ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ታየኝ። እነዚህ ሰዎች የዘር ገብሳቸውን ቆልተው በልተዋል። ዋንጫ በልተው ጎተራቸው ሙሉ መሰላቸው፣ ለከርሞ ያስቀመጡትን ለአንድ ድግስ አወጡት። እኛ ጋ እንዲህ ያደረገ ገበሬ በሰኔ ጎረቤት ቤት ዘር ሊበደር ይሄዳል፣ እነሱ የሚበደሩበት ጎረቤት የላቸውም፣ በሕጉ ተከልክለዋል። ስለዚህ ያላቸው ወረፋ መጠበቅ ነው።

በልጅነታችን ገና ስንጫወት የተሸነፈው መንደር እስከ ጥምቀት ድረስ ግጥም ይወርድበት ነበር። ሩሯን ያሳለፈብን ሰው ስም እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል እንጂ እኛ በጣም እንቆጣ ነበር። ለከርሞው ግን ማንም መንደሩን ቀይሮ አልተጫወተም። የጠባሴው ልጅ፣ ሻርፑ ካስጠላህ ግን እኔ በባና እለውጥሃለሁ። የመንዝ ባና ነው፣ የፋብሪካ አይደለም።

የደብረ ሲና ልጅ ከፉትስክሬይ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እዚህ ሬዲዮ ላይ ሰዓት ሙሉ የሚያወሩት እንደርስዎ አድርገው አልተናገሩትም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልዎ፣ ወረፋውም ዋስትና የለውም። አንድ ፍሬ ዘር ማሳ አይሞላም። ሪድን ከያዙ በኋላ ነው ይሄ 22 ሽንፈት የመጣው። ዘንድሮ ደግሞ ማክገቨርን፣ ዋናው ተከላካያቸው፣ በጭንቅላት ጉዳት ምክንያት ጨዋታ አቆመ። ከሁለቱ አምበሎች አንዱ ኦስካር አለን ሲዝኑ ሳያልቅ ከሌላ ክለብ አሠልጣኝ ጋር ተገናኝቶ ካሜራ ፊት ይቅርታ ጠይቆ ነበር፣ አሁን ወደ ብሪዝበን ሄዷል። ብሪዝበን ማለት እኛ የመስቀል ዕለት ዋንጫውን ሲበላ ያየነው ነው። አምበልህ ከመጨረሻው ክለብ ወደ አንደኛው ሲሄድ፣ በእውነቱ እኔም ብሆን ያመኛል።

የተነሳም አለ ግን። ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ በ2013 አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፈው፣ በ2019 ፍጻሜ ገባ። (ሪችመንድ በ89 ነጥብ አራገፈው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) ያው ሪችመንድ ደግሞ በ2017፣ በ2019 እና በ2020 ዋንጫ በልቶ በ2024 በ2 ድልና በ21 ሽንፈት መጨረሻ ወጣ። ያልተነሳም አለ። ፊትዝሮይ በ1996 አንድ ድል ይዞ ጨረሰና ከብሪዝበን ጋር ተዋሃደ፣ ብቻውን የቆመ ክለብ ሆኖ አልቀጠለም። ኢግልስ ወደዚያ አይሄድም፣ ብዙ አባልና 60,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለው።

ሰው ለምን ይገባል ላልከው፣ የኔ ሰፈር ክለብ ቡልዶግስ በ1954 ዋንጫ በልቶ ቀጣዩን ያየው በ2016 ነው። ጎረቤቴ ሽማግሌ በመጀመሪያው ጊዜ አባቱ ትከሻ ላይ ነበሩ፣ በሁለተኛው በምርኩዝ። ምን ሊያዩ ይገቡ ነበር ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። "ቅዳሜ ሌላ የት ልሂድ?" አሉኝ።

ቀይ ሰይጣን፦

62 ዓመት??? እኛ 12 ዓመት ሆነን ብለን ነው እንዴ የምናለቅሰው።

የጠባሴ ልጅ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። ጋሽ መንዜ፣ የባናው ነገር ልቤን ነክቶታል፣ ትናንት ማታ ውርጩ ሲብስ ደግሜ አስቤበታለሁ፣ አልዋሽዎትም። ግን ሻርፑን ለመስጠት እጄ እምቢ አለ። አንድ ቀን መሐል ሜዳ ከመጣሁ ባናውን በገንዘብ ይሽጡልኝ፣ አረቄውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

የፉትስክሬዩ፣ ኅዳር ላይ በቁጥር 1 ማንን እንደወሰዱ እዚሁ ጻፍልኝ፣ በዚያ ሰዓት ኔትወርክ ላይኖረኝ ይችላል። አዲሱ ሲዝን መጋቢት ላይ ነው አይደል? የመጀመሪያው ጨዋታ ፐርዝ ላይ ከሆነ በኛ ጧት 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ እንቅልፌን ጨርሼ አያለሁ። ሜልቦርን ከሆነ ግን ያው ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ።