ግሽበት ወረደ ከተባለ የኔ ጤፍ ለምን አልወረደም?

እንጀራ ጋጋሪዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ኮተቤ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎችና ለሱቆች አስረክባለሁ። አምስት ምጣድ አለኝ፣ ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ። በ2012 ክረምት ሰርገኛ ጤፍ ኩንታሉን ከ4 ሺህ ብር ትንሽ ፈቀቅ ባለ ዋጋ ነበር የምገዛው፤ አንዱን እንጀራ በ7 ብር አስረክብ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የገዛሁት 13 ሺህ ነው፤ እንጀራው 22 ገብቷል። በዚህ በነሐሴ 2017 ማታ ዜናው "የዋጋ ግሽበት ወደ 14 በመቶ ወርዷል" ሲል ባለቤቴን "ይሄ የወረደው የትኛው ገበያ ነው? አድራሻውን ጠይቅልኝ" አልኩት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያለው የእህቴ ልጅ "መንግሥት ብር ስላተመ ነው" ይላል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ "ድጎማ ስላነሱ ነው" ይላል። አንዱ መንግሥት ብር በተነ ነው የሚለው፣ ሌላው መንግሥት ብር ሰሰተ። ሁለቱ እንዴት አብረው ልክ ይሆናሉ? ደግሞ በምሁር ቋንቋ አትመልሱልኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ልጅ አበባው፦

ደላላ ነው እቴ። ደላላውን ቢያስሩት ጤፍ በሳምንት 5 ሺህ ይገባል።

ጡረተኛው የባንክ ሰው፦

ደላላው ድሮም ነበረ። በ1995ም ስግብግብ ነበረ፣ ዘንድሮም ነው። ዋጋው ግን በአንዱ ዓመት ሮጦ በሌላው ረገብ ይላል፤ የደላላ ስስት በየዓመቱ አይለዋወጥም። በ2003 ጥር መንግሥት ሥጋና ዘይትን ጨምሮ በብዙ ሸቀጥ ላይ ተመን አውጥቶ ነጋዴውን ሊይዝ ሞክሮ ነበር። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፣ በወራት ውስጥ አብዛኛው ተመን ተነሣ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፣ እህቴ። የእህትሽ ልጅ "አተመ" ሲል ማታ ማታ ማሽን የሚያዞር ሰው እንዳይታይሽ። የብር ኖቱማ ውጭ አገር ነው የሚታተመው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መንግሥት ከሰበሰበው ግብር በላይ ያወጣል፤ የጎደለውን ብሔራዊ ባንክ ያበድረዋል። ብድሩ ማለት በሒሳቡ ላይ ቁጥር መጻፍ ነው። በዚያ ቁጥር ደመወዝ ይከፈላል፣ የመንገድ ኮንትራክተር ይከፈላል፣ ኮንትራክተሩ ለቀን ሠራተኛው ይከፍላል፣ ሠራተኛው ሆቴል ገብቶ ያንቺን እንጀራ ይበላል። ብሩ እጅሽ ሲገባ ከየትኛው ብር እንደተወለደ አይታወቅም።

የሸማቾች ማኅበርን ስኳር አስቢው። ለ500 ቤተሰብ የሚበቃ ስኳር መጣ እንበል፤ ቀበሌው ግን 700 ኩፖን አደለ። ስኳሩ አልጨመረም፤ የጨመረው ሰልፉና ጠቡ ነው፤ ኋላ ደግሞ ኩፖኑ በጎን በብር መሸጥ ይጀምራል። ብርም እንደ ኩፖኑ ነው። ታዲያ ልብ በይ፣ ጥፋቱ ሁሉ የኩፖኑ አይደለም። ስኳሩም ራሱ ከቀነሰ ያው ነው። ከ2013 እስከ 2015 በአገራችን ሁለቱም በአንድ ላይ መጡ፤ ጦርነትና ድርቅ ምርቱን መቱት፣ የዩክሬን ጦርነት ስንዴና ማዳበሪያ አስወደደ፣ በኢኮኖሚው ውስጥ ያለው ገንዘብ ደግሞ በየዓመቱ ከሩብ በላይ ያድግ ነበር። ግንቦት 2014 ላይ ግሽበቱ 37 በመቶ የደረሰው በዚህ ድምር ነው።

እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝበት ሌላም መንገድ አይቻለሁ። ከሚያዝያ 2003 ጀምሮ የግል ባንክ 100 ብር ባበደረ ቁጥር 27 ብር የብሔራዊ ባንክ ቦንድ ግዛ፣ ማለት ለእሱም አበድር፣ ይባል ነበር፤ ወለዱ መጀመሪያ 3 በመቶ ብቻ። እኛ ለቆጣቢው 5 በመቶ እንከፍል ነበር! ኪሳራውን ለመሸፈን ከነጋዴው ተበዳሪ ላይ ወለድ ጨመርን፣ ነጋዴው ዕቃው ላይ ጨመረው። ባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ያን ደብዳቤ ፈርሜ ለደንበኛ የሰጠሁበት ቀን ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ሰውዬው "ይህችን ማን ሊከፍላት ነው?" አለኝ። የቦንዱ ግዴታ ኅዳር 2012 ላይ ነው የቀረው።

አሁን የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ። ድጎማ ነጻ ነገር አይደለም። ነዳጅ 60 ብር ፈጅቶ በ37 ብር ሲሸጥ 23ቱን አንድ ሰው መክፈል አለበት። ከግብር ከተከፈለ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ዞረ ማለት ነው። በብሔራዊ ባንክ ብድር ከተከፈለ ግን ነዳጁ ላይ ያልከፈልሽውን ጤፉ ላይ ትከፍይዋለሽ፤ ደረሰኙ ብቻ ነው የሚለየው። ስለዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ ትናንት ድጎማው የተከፈለበትን መንገድ ነው የሚናገረው፣ ሰውዬው ዛሬ ሲነሣ የሚያመውን። ልዩነቱ፣ ድጎማ ሲነሣ ዋጋው አንዴ ዘሎ ይቆማል፤ ብር ሲታተም ግን በየወሩ ይሄዳል።

የ14 በመቶው ነገር ደግሞ፦ ግሽበት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። 13 ሺህ የገዛሽው ጤፍ በ14 በመቶ ከሄደ ለዓመት 14,800 ይሆናል፤ እንደ 2014ቱ በ37 ቢሆን 17,800 ይሆን ነበር። ወረደ የተባለው ሩጫው ነው። 4 ሺህ የሚመለስ የለም፣ ሲነግሩሽ አትመኚ። ሩጫውን ካረገቡት አንዱ፣ ነሐሴ 2015 ላይ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚበደረው ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ሲሶ እንዳይበልጥ፣ የባንኮች የብድር ዕድገትም ከ14 በመቶ እንዳያልፍ መወሰኑ ነው። በ2017 ደግሞ ቀጥታ ብድሩ ቆመ። ብድር አጥቶ ሱቁን የዘጋ ወዳጅ አለኝና ይሄም በነጻ አልመጣም።

ባለ ሚኒባስ፦

ጋሼ ጥሩ ጽፈዋል፣ "አንዴ ዘሎ ይቆማል" ያሏት ላይ ግን አልስማማም። ሰኔ 2014 ቤንዚን ከ37 ብር በታች ነበር፤ ሐምሌ ላይ ወደ 48 ገባ። ከዚያ መቼ ቆመ? 100 ብርን ካለፈ ቆየ። እኔ የሕዝብ ማመላለሻ ነኝና ድጎማው በቴሌብር ይደርሰኛል፣ አልዋሽም። ግን ማደያ ስደርስ "ቤንዚን የለም" ነው፤ ከተማው ዳር በጀሪካን ግን አለ። ርካሽ ነገር ድንበር ይወዳል፤ ጎረቤት አገር ውድ ከሆነ ቦቴው ወደዚያ ያዘነብላል። ሰባት ሰዓት ተሰልፌ ያጣሁትን ቢያጆ ድጎማው አይመልስልኝም። እኔ ድጎማው ይቅር ባይ ነኝ፣ ረዳቴ ሲሰማኝ "አብደሃል" ይለኛል።

ጡረተኛው የባንክ ሰው፦

እውነትህን ነው፣ አፌን ያዝከኝ። ሁለት ነገር ረሳሁ፦ አንደኛ ድጎማው በቁራሽ በቁራሽ ነው የተነሣው፤ ሁለተኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ማለት የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው። ስለዚህ ድጎማው ባይነካ እንኳ ልዩነቱ ይሰፋል፣ መንግሥትም ወይ ዋጋ ይጨምራል ወይ ዕዳ።

ከሪያድ፦

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ትምህርቱ የለኝም፣ ግን ምንዛሪ ላይ ሞኝ አይደለሁም። ከ2016 ሐምሌ በፊት ለእናቴ በባንክ አልልክም ነበር፤ ባንክ ዶላሩን በ57 ሲያስብ ጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ይሰጥ ነበር። ልብስና ስልክ የሚያስገባው ነጋዴም በዚያው በጥቁሩ ነበር የሚያሰላው። ብሩ ሲለቀቅ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል ተብሎ ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሱቁ ዋጋ ቀድሞ ደርሶ ነበር። የተመታው በ57 ይመጣ የነበረው ነው፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት። የእናቴ የደም ግፊት ክኒን ከጤፉ በላይ ነው የጨመረው።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦

ተባረኩ ሁላችሁም። ጋሼ፣ የኩፖኗ ነገር ገባችኝ፤ የሸማቾች ሰልፍ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ማዳበሪያው ሲወራ ደግሞ "ታዲያ ጤፌ ለምን አይወደድ" አልኩ። መብራቱንም አልነገርኳችሁም፤ ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ምጣዱ ቆጣሪውን እየበላው ነው። ያም ድጎማ ሲነሣ መሆኑን አሁን ነው ያያያዝኩት።

አንድ ነገር ብቻ። ዕቁብ አለኝ፣ ሲደርሰኝ 120 ሺህ ብር ነው። ባንክ ላስቀምጠው ወይስ ጤፍ ልግዛበት?

ጡረተኛው የባንክ ሰው፦

ተራ ቁጠባ 7 በመቶ ይሰጥሻል፣ ግሽበቱ 14 ነው። ልዩነቱን አንቺው አስቢው። ጤፍ ነቀዝ አይበላውም፤ ደረቅ ቦታ ካለሽ እንደ ባንክ ነው። ብቻ አሁን በክረምት አትግዢ፣ አዲሱ እስኪወቃ ጠብቂ። ደግሞ ካስፈለገሽ በላይ አታከማቺ፤ ልጅ አበባው ደላላ ብሎ ያስይዝሻል።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦

ሃሃ! ዛሬ ጠዋት ዕቁብ ነበረን። የኔ ዕጣ ግንቦት ላይ ነበር። ታኅሣሥ የሚደርሳትን ሴትዮ "እንለዋወጥ" አልኳት። ልብስ ነው የምትሸጠው፣ ፊደል እንኳ አልቆጠረችም። ጣቷን አጠፍ አጠፍ አድርጋ አስባ "አምስት ወር ነው፣ 7 ሺህ ጨምሪልኝ" አለች። በ5 ሺህ ተስማማን።