ከሁለት ልጆች ጋር በቪትዝ፦ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ጣርማበር በሦስት ቀን ይቻላል?

ከአያት ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ልጆቹን ይዘን ወደ ሰሜን ሸዋ ለመውጣት አስበናል። ልጆቹ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው፤ ትንሹን መኪና ያስታውከዋል። አያታቸውም አብረውን ይሄዳሉ። መኪናችን አውቶማቲክ ቪትዝ ናት። ያለን ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት ነው። ዕቅዳችን ውስጥ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ጣርማበር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከተቻለም መንዝ ጓሳ አሉ። በዛ? ቪትዟስ ያንን ቁልቁለት ትችለዋለች? የት እንደር?

የደሴ መስመር፦
እህቴ፣ በዝቷል። መጀመሪያ ጓሳን ሰርዢ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጫም ቦታ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ለማየት ቢያንስ ሁለት ሌሊት እዚያው ማደር ያስፈልጋል። ለአምስት ዓመት ልጅና ለአያት የሚሆን አይደለም።

ቀሪውን ስታቅጂ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ከፍታ ቁጠሪ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። ጣርማበር ከ3,100 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,280 ሜትር ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ትወርጃለሽ። ፍሬን የሚበላው፣ ልጅ የሚያስታውከው፣ ጆሮ የሚደፍነው ይኼ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ምክሬ፦ ሁለቱንም ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ፤ ሻንጣ በየቀኑ መፍታትና ማሰር ይቀርላችኋል። በሁለተኛው ቀን አንኮበር ደርሳችሁ ተመለሱ፤ 42 ኪሎ ሜትር ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጣርማበር ድረስ ሄዳችሁ ገደሉን አሳዩአቸውና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ሮቢትን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ሳይነጋ አትውጡ። በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12:45 አካባቢ ነው። ከአያት ሰፈር 1 ሰዓት ላይ ብትነሱ በለገ ጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱና ሸኖ አድርጋችሁ 4 ሰዓት አካባቢ ደብረ ብርሃን ናችሁ፤ ልጆቹን ለማናፈስ አንድ ጊዜ መቆምን ጨምሮ ነው። ሐሙስ ከሆነ ሐሙስ ገበያ ላይ መንገዱን አህያና በግ ይሞላዋል፤ ግማሽ ሰዓት ጨምሪ። ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ፤ ከብት ወደ ቤቱ የሚገባበት፣ መብራት የሌለው ጋሪ የሚወጣበት ሰዓት ነው።

በተረፈ የመንገዱን ደህንነት ሁኔታ በሚነሱበት ዕለት ዋዜማ ላምበረት መናኸሪያ ሄዶ የመስመሩን ሹፌሮች መጠየቅ ነው። በመስመሩ ላይ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ከማንም የተሻለ ያውቃል። «ዛሬ ይቅር» ካሉ ይቅር።

ጋራዥ ቤት፦
ቪትዟ ትችላለች። የማይችለው አነዳዱ ነው።

ከጣርማበር ስትመለሱም ሆነ ወደ አንኮበር ስትወርዱ ማርሹን ዲ ላይ ትታችሁ ፍሬን እየረገጣችሁ አትውረዱ። ማርሹ ላይ ኤስ፣ ቢ ወይም ኤል የሚል አለ፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደዚያ አስገቡት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩኽ፣ መኪናዋን እየያዘላችሁ ነው። ፍሬን ስትረግጡ ጠንከር አድርጎ ፍጥነት መቀነስና መልቀቅ እንጂ ሳያነሱ እግርን አስደግፎ መሄድ የለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ኤን ላይ አድርጎ የሚለቅ ሰው ካለ ቁልፉን ቀሙት።

የፍሬን ሸራ ሲቃጠል ከጎማው በኩል የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ከወትሮው ወደ ታች ይገባል። ምክንያቱ የፍሬን ዘይቱ ነው፤ ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ያረጀ ዘይት ቶሎ ይፈላና አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም አረፋውን ይጫናል እንጂ ጎማውን አይዝም። ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ከጉዞው በፊት አስቀይሩት። መንገድ ላይ ከሸተታችሁ ሜዳ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ ታኮ አድርጉ፣ ማርሹን ፒ ላይ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ውኃ አታፍሱበት፤ ዲስኩ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል።

ጎማ፦ ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለበትን ቦታ አንብቡ። 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ደርቋል። ንፋሱን ጠዋት ሳይሞቅ አስለኩ፤ ልኩ በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተጽፏል። ስኮርታውንም አትርሱ፤ ብዙ ቪትዝ ላይ ስኮርታው ባዶ ሆኖ የሚገኘው ጎማ በፈነዳ ዕለት ነው። ክሪክና የብሎን መፍቻ መኖሩንም እዩ።

ቤንዚን አዲስ አበባ ሙሉ አድርጉ። የደሴ መስመር የሰጣችሁ ዕቅድ አንኮበርን ጨምሮ ደርሶ መልስ ከ450 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ አምስት ሰው ጭና ዳገት የምትወጣ ቪትዝ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ወይም 7 ሊትር ብትበላ 30 ሊትር ገደማ ነው። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን አትንኩ፤ ላምባ ወይም ውኃ ይቀላቀልበታል።

ፋርማሲ፦
ስለ ትንሹ ልጅ። መኪና የሚያስታውከው ዓይኑ «ቆመናል» ሲል ጆሮው «እየዞርን ነው» ስለሚል ነው። ስለዚህ ስልክም መጽሐፍም አትስጪው፤ የኋላው መሐል ወንበር ላይ አድርጊውና በፊት መስታወት አርቆ ይመልከት። ዕረፍት በየሰዓቱ ሳይሆን ጠመዝማዛው ከመጀመሩ በፊት ይሁን። ጠዋት ወተት፣ እንቁላል ፍርፍርና ቅቤ የነካው ነገር ይቅር፤ ደረቅ ዳቦና ትንሽ ሻይ ይበቃል። ሆዱን ባዶ ማድረግም ያብሰዋል።

መድኃኒት ካስፈለገ ዳይመንሃይድሪኔት የሚባለው በብዛት አለ። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም ነው፤ ማለትም የ50 ሚሊ ግራሙ እንክብል ሩብ ወይም ግማሽ፣ ከመነሳት ግማሽ ሰዓት በፊት። ከሁለት ዓመት በታች አይሰጥም። ያስተኛል፤ አስም ወይም ሌላ መድኃኒት ካለ ለባለሙያ ሳትነግሪ አትስጪ።

ሁለት ፌስታል አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርገሽ በእጅ ቅርብ አስቀምጪ። ሻንጣ ውስጥ ያለ ፌስታል የለም ማለት ነው። ፖፖም ያዢ፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ንጹሕ መጸዳጃ ማግኘት ዕድል ነው።

ጆሮ፦ በቁልቁለት ላይ ልጅ ተኝቶ አይውረድ። ሲተኛ ምራቅ ስለማይውጥ ጆሮው ይደፈንና እያለቀሰ ይነቃል። ለትልቁ ማስቲካ፣ ለትንሹ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠጣ ውኃ። ጉንፋን የያዘው ካለ ወደ ሮቢት መውረዱን ጨርሶ ተዉት። ሮቢት ለማደር ከወሰናችሁ ደግሞ ወባ አለ፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ጎረቤላ፦
የደሴ መስመር ልክ ነው፣ ግን አንኮበርን ከደብረ ብርሃን ዘግይታችሁ አትውጡ። ጭላዳ ዝንጀሮ የምታዩት ጠዋት ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ሲሞቀው ወደ ላይ ይወጣና ሣር ይነጫል። 3 ሰዓት ላይ መንገዱ ዳር ካለው መስክ ካልደረሳችሁ፣ ከዚያ በኋላ ተበትኖ ይርቃል። ከ10 ሜትር በታች አትጠጉ። ወንዱ የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ነጭ ጥርሱንና ድዱን ካሳየ «ተመለስ» ማለቱ ነው፤ ልጁ ግን እየሳቀለት ይመስለዋል፤ ቀድማችሁ ንገሩት። ዳቦና ሙዝ ከመስኮት መወርወር ክልክል ይሁን። ዳቦ የለመደ ጭላዳ መኪና ሲያይ አስፋልት ላይ ይወጣል፤ በሲኖትራክ የሚሞተውም እሱ ነው።

የአንኮበር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ላይ የሚወጣው በእግር ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ቀጥ ያለ ዳገት አለው። አያት ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ ታች ሻይ ይጠጡ። ላይ ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ መሬቱ በደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደ አፋር ቆላ ሲገባ ይታያል። ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ «አፄ ምኒልክ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ከተማቸው ይኼ ነበር» ማለት የትምህርት ቤቱን ታሪክ ቦታ ላይ ያቆምለታል። የተወለዱበት አንጎለላ ደግሞ መንገዳችሁ ላይ፣ ጫጫ አካባቢ ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.።

ሌላው ምግብ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከደብረ ብርሃን ወጣ ካላችሁ እንቁላልና ወተት አትጠብቁ፤ ሽሮና አትክልት ነው። ጾመ ነነዌ ከዕረፍቱ ከተገጣጠመ ሦስቱንም ቀን እንደዚያው ነው። በቅቤ የታሸ በሶ ይዛችሁ ውጡ፤ አይበላሽም፣ ልጅ ያጠግባል።

ማታ ደብረ ብርሃን ውርጭ አለ። ሆቴል ስትይዙ ስለ ሙቅ ውኃና ስለ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቀድማችሁ ጠይቁ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ቢሆንም አልጋው ላይ አንድ ብቻ የሚያነጥፍ ሆቴል አይጠፋም።

ከአያት ሰፈር፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጓሳንና ሮቢትን ሰርዘናል። ትልቁ ግን የጣርማበርን የመኪና ዋሻ ካላየሁ ብሏል፤ አደጋ አለው? ደግሞ ምናልባት በወንድሜ ኤሌክትሪክ መኪና እንሄድ ይሆናል፤ ለውጥ አለው?

የደሴ መስመር፦
ጣሊያን የሠራው የጣርማበር ዋሻ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመግባታችሁ በፊት መብራት አብሩ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ዓይን እስኪለምድ ሰከንዶች ይፈጃል፣ በዚያ መሐል በእግሩ የሚሄድ ሰው ሊኖር ይችላል። ውስጥ ደርቦ ማለፍም መቆምም የለም፤ ፎቶ ከውጭ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ። ጉም ካለ ዝቅተኛውን መብራት ተጠቀሙ፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል።

ለትልቁ አንድ የቤት ሥራ፦ ከአዲስ አበባ የታሸገ ቺፕስ ይያዝ፤ ዋሻው ጋ ሲደርስ ከረጢቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ደግሞ እዚያው ከፍቶ አጥብቆ ይዝጋው፤ አዲስ አበባ ሲገባ ጎኑ ገብቶ ያገኘዋል። ሮቢት ቢወርድ ኖሮ ከውስጡ አየር አንድ አምስተኛ ያህል በተጨመቀ ነበር።

ጋራዥ ቤት፦
ኤሌክትሪኩ ላይ ሒሳቡ ይኼ ነው። ከነሰዉ 2 ቶን የምትመዝን መኪና ከሮቢት ጣርማበር ለመውጣት፣ ከርቀቱ ፍጆታ በላይ ለከፍታው ብቻ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች። ስትወርድ የሚመለሰው ከዚያ ያነሰ ነው። በእናንተ ዕቅድ ሮቢት ስለሌለ አያሰጋም። ግን ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት አትጀምሩ፤ የሞላ ባትሪ መልሶ አይቀበልም፣ ያኔ ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። 85 በመቶ ይበቃል።

ሆቴል ውስጥ ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር የሚገኘው 2 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ በ10 ሰዓት 20 ኪሎዋት ሰዓት፣ መብራት ካልጠፋ። ቀጭን ማራዘሚያ አትጠቀሙ፤ ይቀልጣል። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ሶኬቱን በእጅ ንኩት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ጎረቤላ፦
በወንድምሽ መኪና ከሆነ ኬላ ላይ ሊብሬው፣ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገኑና የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ አንድ ላይ ይኑሩ። ወንድምሽ ካልነዳው የውክልና ወረቀት ያዙ። ለልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ ይበቃል፤ ሊብሬው ግን ዋናው ይሁን።