ዴላዌር 85,165 ዶላር ክፈል አለኝ፣ ድረሱልኝ!

ዱባይ_ነኝ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት ያስመዘገብኩት ኩባንያ አለኝ። ዛሬ በሬጅስተርድ ኤጀንቴ (እዚያ ደብዳቤ የሚቀበልልኝ ወኪል) በኩል የፍራንቻይዝ ታክስ 85,165 ዶላር እስከ ማርች 1 ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ስድስት ቀን ነው የቀረኝ። ሲ ኮርፕ (በሼር የተከፋፈለ ኩባንያ) ነው፣ እስካሁን የአንድ ዶላር ሽያጭ የለውም። ገቢ ሳይኖር ምን የሚሉት ታክስ ነው? ልዝጋው?

አራዳው፦ በዚህ ብርማ ዴላዌርን ራሷን ይሸጡልህ 😂

ምን_ቸገረኝ፦ ሌባ ነው፣ እንዳትከፍል! የመንግሥት ደብዳቤ አስመስለው የሚልኩ ሞልተዋል።

ደብተር_ያዥ፦ አስመሳዮች አሉ፣ ይሄ ግን አይደለም። ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። ለመጀመሪያው 10,000 ሼር 250 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው ለየ10,000ው 85 ነው። 999 ጊዜ 85 ሲደመር 250፣ ቁጭ 85,165። 10 ሚሊዮን ኦቶራይዝድ ሼር (ኩባንያው እንዲያወጣ የተፈቀደለት) አለህ ማለት ነው። ስንቱ ኢሹ ተደርጓል (ለባለድርሻ ተሰጥቷል)? ፓር ቫልዩውስ (በመመሥረቻ ሰነዱ የተጻፈው የአንዱ ሼር ዋጋ)? የኩባንያው ጠቅላላ ንብረት ስንት ነው?

ቆላ_ደጋ፦ ድሮም ኤልኤልሲ (ሼር የሌለው ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ብትከፍት በዓመት 300 ዶላር ጁን 1 ላይ ከፍለህ ትገላገል ነበር። ሁሉም «ኢንቨስተር ይመጣል» እያለ ሲ ኮርፕ ይከፍታል። ይሄ ታክስ ደግሞ ከትርፍ ጋር አይገናኝም፤ በዴላዌር መዝገብ ላይ ለመኖርህ የምትከፍለው ነው። ስለዚህ «አልሸጥኩም» አያድንህም።

ምን_ቸገረኝ፦ እሺ፣ ሌባ ካልሆነ ሼሩን ወደ 5,000 ቀንሰው። 175 ዶላር ይሆናል።

ዱባይ_ነኝ፦ 9 ሚሊዮን ኢሹ ሆኗል፣ ፓር 0.00001። ያለው ንብረት ባንክ ያለው ብቻ ነው፣ ዲሴምበር 31 ላይ 4,500 ዶላር።

ደብተር_ያዥ፦ በቃ ተገላገልክ። ሼር መቀነስ የመመሥረቻ ሰነድ ማሻሻያ ማስመዝገብ ይጠይቃል፣ ያለፈውን ዓመት ዕዳም አይሰርዝም። አንተ የሚያስፈልግህ በሼር ብዛት ብቻ ሳይሆን ንብረትን አይቶ የሚያሰላው ሁለተኛው ስሌት ነው። በፋይል ቁጥርህ የዴላዌር ኮርፖሬሽኖች ክፍል ድረ ገጽ ላይ ገብተህ ዓመታዊ ሪፖርቱን ክፈት። ኢሹድ ሼር 9,000,000፣ ግሮስ አሴት (ዕዳ ሳይቀነስ ጠቅላላ ንብረት) 4,500 ሙላ፣ ከዚያ ታክሱን እንደገና እንዲያሰላ እዘዘው። ሁለቱን ሳጥን ባዶ ከተውክ ያው 85,165 ነው የሚያሳይህ፤ ሰው ሁሉ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው።

ስሌቱ፦ 4,500 ለ9 ሚሊዮን ሲካፈል 0.0005፣ በ10 ሚሊዮን ሲባዛ 5,000 ዶላር። ለየአንድ ሚሊዮን ዶላሩ 400 ዶላር ይከፈላል፣ ያልሞላውም እንደ አንድ ይቆጠራል። 400 እና የሪፖርት 50፣ ድምሩ 450። ከ5,000 ዶላር በታች ስለሆነ በካርድ ይሄዳል። የዳይሬክተሮችን ስምና አድራሻ አትርሳ። ካሳለፍክ 200 ዶላር ቅጣትና በወር 1.5% ወለድ አለው።

ቆላ_ደጋ፦ በዚህ ብቻ አለቀ እንዳትል። የፌዴራሉ የገቢ ታክስ ማስታወቂያ ፎርም 1120 ኤፕሪል 15 ነው፣ ሽያጭ ባይኖርም። የውጭ ሰው ሆነህ 25% እና በላይ ድርሻ ይዘህ ለኩባንያው ካበደርክ ፎርም 5472 (ከባለድርሻው ጋር የተደረገ ግብይት ማሳወቂያ) አብሮ ይገባል። እሱን መርሳት 25,000 ዶላር ያስቀጣል።

አራዳው፦ ዱባይ፣ ከፈልክ ወይስ ሸሸህ?

ሰሚት_01፦ እኔም ያው ቁጥር መጣብኝ፣ ግን ሼሩ ለማንም ኢሹ አልተደረገም። ዜሮ ልሙላ?

ደብተር_ያዥ፦ አይ፣ ኢሹድ ዜሮ ከሆነ በዚህ መንገድ አይሰላም። መጀመሪያ የቦርድ ውሳኔና የሼር ግዢ ውል የተፈረመ ወረቀት ካለህ ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ኢሹ ተደርጎ ፋይል ውስጥ ተረስቶ ነው።