ክርንና ጉልበት ላይ የሚወጣ የሚያሳክክ ሽፍታ፦ ዳቦ ይተው ወይስ መጀመሪያ ይመርመር?

ጥያቄ | የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው። በሁለቱም ክርኖቹ፣ በጉልበቶቹና በመቀመጫው ላይ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ሽፍታዎች ይወጡበታል። እስኪደማ ስለሚያካቸው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የሚታየው ቅርፊቱ ብቻ ነው። «ችፌ ነው» ተብሎ የስቴሮይድ ቅባት ተሰጠው፤ ሲቀባ ቀነስ ይላል፣ ሲተው ይመለሳል። ሆዱ ይነፋል፣ ይደክመዋል፣ የብረት ማነስም ተገኝቶበታል። በዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል ስለማይበላ ይሻለዋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። አሁን ሰው ሁሉ «ግሉተን ነው፣ ዳቦ ይተው» ይለናል።

1. ዳቦና ፓስታ ለሁለት ሳምንት አስቁሜው ለውጡን ባይ ይበቃል?
2. ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ ላይ «ጤፍ» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱን ይብላ?
3. ኢንተርኔት ላይ 200 ምግብ በአንድ የደም ጠብታ የሚመረምሩ አሉ፤ ገንዘቡን ላውጣ?

መልስ | የቆዳ ክፍል ነርስ

እህቴ፣ ዳቦውን ገና አታስቁሚው። ግራና ቀኝ እኩል የሚወጣ፣ ክርን፣ ጉልበትና መቀመጫ የሚመርጥ፣ ውኃ የሚቋጥርና እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ደርማታይቲስ ኸርፐቲፎርሚስ የሚባለውን ይመስላል። ስሙ ኸርፐስን ቢመስልም ቫይረስ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ በቆዳ በኩል ሲወጣ ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ሆዳቸውን እምብዛም ስለማያማቸው ከምግብ ጋር የሚያያይዘው ሰው ይጠፋል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አንጀት ሲደርስ ሰውነት አይጂኤ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል በራሱ ላይ ያመርታል። ይህ በደም ተጉዞ ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ሥር ይከማችና ቆዳውን ያስቆጣዋል። በዚያው ልክ የአንጀቱ ግድግዳ ስለሚጎዳ ብረት በወጉ አይመጠጥም። ክኒን እየዋጠ ብረቱ አልነሳ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚህ ይገኛል።

ግሉተን ሲቆም ፀረ እንግዳ አካሉ እየወረደ ይሄዳል። ያኔ ምርመራው «የለም» ይላል፣ በሽታው ግን አለ። የሁለት ሳምንት ሙከራም ለቆዳው ምንም አይነግርሽም፤ ሽፍታው ከምግብ ለውጥ በኋላ እስኪጠፋ ወራት፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። «ሞከርነው፣ አልሆነም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው።

ሐኪሙን ቲቲጂ አይጂኤ (የሴሊያክ የደም ምርመራ) እና ጠቅላላ አይጂኤ አንድ ላይ እንዲያዝላችሁ ጠይቂ። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ከተፈጥሯቸው አይጂኤ የሌላቸው ሰዎች ስላሉ ነው፤ እነሱ ላይ የመጀመሪያው ምርመራ ብቻውን ያሳስታል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ፣ ግሉተን ያለው ነገር መብላት አለበት።

ቀጥሎ የቆዳ ናሙና። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህ ነው፤ ናሙናው ከተቧጠጠው ቅርፊት ይወሰድና «ችፌ ይመስላል» የሚል ውጤት ይመጣል። ለኢሚኖፍሎረሰንስ (ቆዳው ውስጥ የተከማቸውን አይጂኤ ለሚያሳየው ምርመራ) የሚሆነው ከአዲስ ሽፍታ አጠገብ ካለው፣ ደህና ከሚመስለው ቆዳ የሚወሰደው ነው። ፎርማሊን ውስጥ ከተነከረም አይሠራም፣ የራሱ ማቆያ ፈሳሽ አለው። ቀጠሮ ስትይዙ ኢሚኖፍሎረሰንስ ብላችሁ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ከተረጋገጠ ዳፕሶን የሚባል ክኒን ማሳከኩን በቀናት ውስጥ ያስታግሳል። ከመጀመሩ በፊት ግን የጂ6ፒዲ ምርመራ የግድ ነው፤ ይህ ኢንዛይም የጎደለው ሰው ዳፕሶን ሲወስድ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ክኒኑ አንጀቱን አይጠግንም፣ ያንን የሚያደርገው ምግቡ ነው።

መልስ | ምጣድ ዳር

የእንጀራውን ለእኔ ተዉልኝ።

ጤፍ ራሱ ግሉተን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከሴሊያክ ታማሚዎች በተወሰዱ የመከላከያ ሕዋሳት ፈትነውት አልቀሰቀሳቸውም። ጣጣው «ጤፍ» የተባለው እንጀራ ውስጥ ሌላ ምን አለ የሚለው ነው። አሜሪካ የሚሸጠው ብዙው እንጀራ እንዲለሰልስና ዋጋው እንዲቀንስ ገብስ፣ የስንዴ ዱቄት ወይም ሰልፍ ራይዚንግ ይገባበታል (ሰልፍ ራይዚንግ ማለት ቤኪንግ ፓውደር የተጨመረበት ስንዴ ነው)። ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የአሜሪካ ሕግ በአለርጂ ማስጠንቀቂያው መስመር ላይ ስንዴ እንዲጻፍ ያስገድዳል፣ ገብስን ግን አያስገድድም። ስለዚህ ያቺን መስመር ሳይሆን የግብአቱን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንብቢ። አውሮፓ ያላችሁ ይሻላችኋል፣ እዚያ ገብስም ጎልቶ መጻፍ አለበት። «ግሉተን ፍሪ» የሚል ከሆነ በሕጉ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ማለት ነው።

ምግብ ቤት ስትገቡ «የጤፍ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚሉሽ። «ምን ተቀላቅሎበታል?» በይ።

ቤት ውስጥ ስትጋግሪ፦ ከጎረቤት የመጣ እርሾ የጎረቤትን ገብስ ይዞ ይመጣል። አዲስ አስጀምሪ፤ አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት በአንድ ተኩል ኩባያ ውኃ በጥብጠሽ፣ ከድነሽ ሞቅ ያለ ቦታ 3 ወይም 4 ቀን አቆዪው። አረፋ ሲሠራና ቢጫ ውኃ ሲያቀር ደርሷል። አብሲቱንም ከዚያው ከጤፉ ሊጥ አውጪ፤ ቶሎ ዓይን እንዲያወጣ ብለው ስንዴ የሚጨምሩ አሉ። ማሰሻ ጨርቁን ጣይና አዲስ ያዢ፣ የድሮው የስንዴ ሊጥ ጠጥቷል። የሸክላ ምጣድም ስለሚመጥ ለእሱ ሌላ ይኑረው።

ከአገር ቤት የሚላክ ሽሮና በርበሬ ደግሞ በወፍጮ ቤት ያልፋል። ከእናንተ በፊት ስንዴ ከተፈጨ የእናንተ የመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ከስንዴ ጋር ይወርዳሉ። እዚሁ ክኩን ገዝቶ በራስ ማሽን መፍጨት ይሻላል። በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጨጨብሳ፣ ድፎ ዳቦና ጠላ (ብቅሉ ገብስ ነው) ይቀራሉ። ጠጅ በማርና በጌሾ ብቻ ከተጣለ ችግር የለበትም። ሶይ ሶስ ብዙ ጊዜ ስንዴ አለበት። ቁርባኑም ስንዴ ነውና ቆራቢ ከሆነ የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር።

በጾም ለምን እንደባሰበት ግልጽ ይመስለኛል። ሥጋና ወተት ሲቀሩ ቦታውን የያዙት ፓስታ፣ ዳቦና በሶ ናቸው።

መልስ | የሥነ ምግብ ባለሙያ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ቀረ። ገንዘብዎን አያውጡ። እነዚያ ምርመራዎች የሚለኩት አይጂጂ የተባለውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ አይጂጂ ደግሞ ሰውየው ያንን ምግብ እንደበላ እንጂ እንደጎዳው አያሳይም። ጤፍና ሽሮ አዘውትሮ የሚበላ ሰው «ጤፍና ሽምብራ አይስማማህም» ተብሎ ይወጣል። የአውሮፓም የአሜሪካም የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ እንዳይውል መክረዋል። ከውጤቱ የባሰው ተከትሎ የሚመጣው ነው፤ ሰዎች ሃያ ምግብ ትተው ይከሳሉ።

ጾሙ ራሱ ጥሩ ሙከራ ሆኖላችኋል። 55 ቀን ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ቆይቶ ከባሰበት ለሽፍታው ወተትን መክሰስ አያስፈልግም። ሆዱን ግን ወተት ሊነፋው ይችላል፤ የተጎዳ አንጀት ላክቶስን የሚፈጨውን ኢንዛይም ለጊዜው ያጣል። ያ የሆድ ጉዳይ ነው፣ ቆዳ ላይ አይወጣም። እርጎ ይቀለዋል፣ የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ደግሞ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል።

ቡናውን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርቀው፣ ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ከብረቱ ጋር ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12 እና ፎሌት ይታዩለት። ሴሊያክ ከተረጋገጠ ልጆቻችሁና ወንድም እህቶቹም ባያማቸውም ይመርመሩ፤ እስከዚያ እነሱም ዳቦ እንዳይተዉ።

ጥያቄ | እናት ዘ ሪያድ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የ2 ዓመት ልጄ ጉንጩና ክርኑ እጥፋት ላይ ችፌ አለበት። እንቁላልና ወተት ልከልክለው?

መልስ | የሥነ ምግብ ባለሙያ

ሳያስመረምሩ አይከልክሉት። እስካሁን በሰላም ሲበላ የነበረን ልጅ እንቁላል ለወራት ማስቆም ሲመለስለት ከባድ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። የሚፈለገው ምልክት በልቶ በደቂቃዎች ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚመጣው ነው፦ እብጥ እብጥ የሚል ሽፍታ፣ የከንፈር ማበጥ፣ ማስታወክ። ይህ ካለ የአለርጂ ሐኪም ይየው። መተንፈስ ካስቸገረው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ከሌለ ደግሞ ሥራው ቆዳው ላይ ነው፤ ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት በቀን ሁለት ጊዜና ገላውን እንደታጠበ፣ የቀላው ላይ ሐኪሙ ያዘዘውን የስቴሮይድ ቅባት። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ከሆነ አብሽም ይጠንቀቁ፣ የአንድ ቤተሰብ ናቸውና አንዳንዱን ልጅ ያስቆጣል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን ምርመራዎች ጽፌ እሰጠዋለሁ። የደሙ ውጤት «የለም» ቢልስ? ምርመራውን እናቆማለን?

መልስ | የቆዳ ክፍል ነርስ

አታቁሙ። ይህ የቆዳ በሽታ ካለባቸው ጥቂቶቹ ደማቸው ንጹሕ ይወጣል፤ ስለዚህ ዳኛው የቆዳው ናሙና ነው። ናሙናውም ካልለየ ኤችኤልኤ ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባል የዘር ምርመራ ይሠራ፤ ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ አይደለም ማለት ይቻላል፣ ሽፍታውም ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። ቢገኝ ግን በራሱ ማስረጃ አይሆንም፣ ብዙ ጤነኛ ሰውም አለበት። ይህ ምርመራ ግሉተን በላም ተወም ውጤቱ አይለወጥም።