አስቸኳይ! ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ሊወርድብን ነው (አዳማ)

ሀዊ_አዳማ (ማታ 2፡20)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ዝናቡ ከበረዶ ጋር ነው የመጣው፣ አሁንም አላባራም። የሳሎኑ ኮርኒስ መሀሉ ላይ ሆድ አውጥቶ ጎብጧል። በሩ አጠገብ ደግሞ ውሃው ግድግዳውን ይዞ እየወረደ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ደርሷል። ሳፋም ባልዲም አልበቃኝም። ጣሪያው ተቀዷል መሰለኝ። አሁን ምን ገዝቼ ልድፈነው? ሱቅ ሳይዘጋ ወንድሜን ልልከው ነው።

ዳኒ ፖስታ ቤት (2፡23)
ሲሊከን። እኔ አምና በሱ ነው የተገላገልኩት።

ባጃጅ ሾፌሩ (2፡24)
ዛሬ እኮ ባጃጅ ሳይሆን ጀልባ ነው የሚያዋጣው። ወንድምሽ የሚሄድ ከሆነ ዋና ይችላል ወይ?

ቶሌ ኤሌክትሪክ (2፡26)
ኧረ ሲሊከኑን ተዉት! መጀመሪያ መብራት አጥፊ። ከቆጣሪው ሥር ያለውን ዋናውን ብሬከር አውርጂ እንጂ ያንን ማብሪያ ማጥፊያ እንዳትነኪው። እርጥብ ግድግዳም አትደገፉ። እግርሽ ውሃ ውስጥ ሆኖ ብሬከር አይነካም፣ ደረቅ ቦታ ላይ ቆመሽ በደረቅ እጅ ነው። 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም።

ሀዊ_አዳማ (2፡29)
ቆጣሪው የአከራያችን ቤት ውስጥ ነው። እሳቸው ለቅሶ ሄደው ቢሾፍቱ ናቸው፣ ቤቱ ተቆልፏል። እኛ ሰርቪሱ ውስጥ ነን።

ቶሌ ኤሌክትሪክ (2፡31)
ይሄን እኮ ነው ከመጀመሪያው መናገር! በሉ ከዚያ ክፍል ውጡ፣ ልጆች ካሉ ቀድመው ይውጡ። 905 (መብራት ኃይል) ደውይና ቆጣሪው ተቆልፎበት ቤቱ ውስጥ ውሃ በመብራት መስመር ላይ እየወረደ ነው በያቸው። አከራይሽ ጋም ደውይ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥተው ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ቸሬ (2፡33)
ልጄ፣ ይሄ የአንቺ ጣሪያ ብቻ አይደለም። አዳማ እንደ ሳህን ናት፤ ዙሪያዋ ኮረብታ፣ እኛ ታች። ድሮ ኮረብታው ላይ ዛፍ ነበር፣ ዝናቡን ያቆየው ነበር። አሁን የወረደው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። አፈሩም እሳተ ገሞራ የተፋው ልል አመዳማ አፈር ነው፣ ውሃ ካገኘ ይሸሻል። እኛ ደግሞ ዲቹን በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልተን ጎርፉን ወደ ሰው ቤት እንልከዋለን። የጣሪያውን ውሃ መሠረት ሥር እንዲቆም የሚተው ሰው ቤቱ ሲሰነጠቅ ማንንም አይውቀስ። ይሄን ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሬ...

ባጃጅ ሾፌሩ (2፡34)
ጋሼ ይቅርታ፣ ኮርኒሱ እስኪወርድ ይጨርሱ ይሆን?

ቆርቆሮ መቺው (2፡37)
ሀዊ፣ ጣሪያሽ አልተቀደደም ባይ ነኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ባለፈው ሳምንት የዘነበው ጊዜ አፍስሶ ነበር? ቤቱስ ፊት ለፊቱ በግንብ የተሸፈነ ነው ወይስ ቆርቆሮው ከውጭ ይታያል?

ሀዊ_አዳማ (2፡40)
ኧረ ባለፈው ጠብታም አልነበረም! ፊቱ ግንብ ነው፣ ቆርቆሮው ከውጭ አይታይም። የጎረቤቱ ልጅ በአጥር ዘሎ ከኋላ ገብቶ ብሬከሩን አውርዶልናል፣ ጨለማ ውስጥ ነን። ኮርኒሱ ግን እየባሰበት ነው። ቺፕውድ ነው።

ቆርቆሮ መቺው (2፡44)
ጎበዝ ልጅ። መብራት ከጠፋ አሁን ወደ ሥራ። ያበጠበት ዝቅተኛው ቦታ ሥር ትልቁን ሳፋ አድርጊ። ወንድምሽ ጎን ቆሞ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ሚስማር አስሮ ትንሽ ቀዳዳ ይብሳው። በቀጥታ ከሥሩ አይቁም! ውሃው በአንድ ቀጭን መስመር ይወርዳል፣ ሌላው ቺፕውድ ይተርፋል። ሳይበሳ ከተተወ ሁሉንም ይዞ ነው የሚወርደው።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። ከግንቡ ጀርባ የተደበቀ አሸንዳ አለ። የአዳማ ንፋስ አቧራና ቅጠል ሲያጠራቅምበት ይከርምና በረዶ ሲመጣ በዚያ ላይ ይከመራል፣ የቱቦውን አፍ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ አሸንዳውን ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፣ ወደ ኮርኒስሽ። ለዚህ ነው ተራ ዝናብ ሲዘንብ የማያፈሰው። በረዶው ሲቀልጥ ምናልባት ራሱ ይቆማል። ቁልቁል የሚወርደው ቱቦ ታች ጫፉ ላይ ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) ካለው ንቀሉትና በሽቦ ወደ ላይ ጎርጉሩት፣ ብዙ ጊዜ ቆሻሻው እዚያ ጋ ነው የሚቀረቀረው። ዛሬ ማታ ግን ማንም ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፣ መብረቅም አለ።

ዳኒ ፖስታ ቤት (2፡46)
ሲሊከን ግን ለአሸንዳም ይሆናል እኮ።

ቆርቆሮ መቺው (2፡47)
ዳኒ ወንድሜ፣ ሲሊከን የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም። እርጥብና አቧራማ ቆርቆሮ ላይማ አይያዝም፣ በማግስቱ እንደ ላስቲክ ይላቀቃል።

ከሀዋሳ (2፡51)
እኛም ጋ ዘንቧል፣ ማንም ግን አይጠይቀንም። ሀዊ፣ ከበር የሚገባ ጎርፍ ካለ ማዳበሪያ ውስጥ አሸዋ ወይም አፈር ግማሹን ብቻ ሙሉና አፉን አጥፋችሁ ጡብ እንደሚደረደር አቀያይራችሁ ደርድሩት። ሙሉ ከሆነ አይጣበቅም፣ በመሀሉ ያሳልፋል። ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ።

የሕግ ነገር (3፡02)
ለምን የተከራየ ሰው በጭንቀት ይሞታል? ጣሪያ መጠገን የአከራይ ግዴታ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለአገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ተከራይ የሚችለው ትንንሽ ጥገናውን ነው፣ በእርጅናና ከአቅም በላይ በሆነ ነገር የመጣውን አይደለም። ፎቶ አንሺ፣ ዛሬ ማታውኑ ላኪላቸው።

ጋሽ ቸሬ (3፡06)
ለቅሶ ላይ ላለ ሰው የሕግ አንቀጽ አይላክም። ፎቶው ይበቃል፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ትጀምር።

እማወራ (3፡15)
ሀዊዬ አይዞሽ። ሲነጋ የሚሠራውን ከአሁኑ ልንገርሽ። የስፖንጅ ፍራሹን አቁመሽ አድርቂው፣ አጋድመሽ ካደረቅሽው ውስጡ ይሸታል። ጤፍ ወይ ስንዴ ከረጠበ ዛሬ ማታውኑ ከጆንያው አውጥታችሁ በአንሶላ ላይ ቀጭን አድርጋችሁ ዘርጉት። ሻጋታ ከታየበት ግን አትሳሺለት፣ ታጥቦም አይድንም። ሊሾው ላይ የቀረውን ጭቃ መጀመሪያ በሳሙና አጥቢ። ከዚያ በረኪና፣ ለ1 ሊትር ውሃ ከ4 የሾርባ ማንኪያ ሳይበልጥ፣ መስኮት ተከፍቶ። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ውሃ ከነካቸው «ደርቀዋል» ብለሽ አትሰኪያቸው፣ ባለሙያ ይያቸው።

ቶሌ ኤሌክትሪክ (3፡18)
እማወራ ትክክል። ማብሪያ ማጥፊያውም ከግድግዳው ተፈትቶ ሳይደርቅና ሳይታይ ያ ብሬከር አይነሳም። ቁልፍ ሲገኝ ማንም ተጣድፎ እንዳያነሳው።

ሀዊ_አዳማ (3፡41)
በስተን ነበር፣ አንድ ሳፋ ሙሉ ወረደ! የተቀረው ኮርኒስ አልወረደም። ኤልቦው ውስጥ ቅጠል፣ ፌስታልና የልጆች ኳስ ነበር። ሲነቀል የፈሰሰው ጭቃ ወንድሜን ከራሱ እስከ እግሩ ለቅልቆታል። ከበሩ አጠገብ ያለው ግን እስከ አሁን ይንጠባጠባል።

ቆርቆሮ መቺው (3፡50)
ኮርኒስ ውስጥ ያደረውን ነው እየጨረሰ ያለው። ነገ ፀሐይ ስትወጣም ከተንጠባጠበ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ያኔ የቆርቆሮውን ሚስማር እናየዋለን፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። አዲስ ሚስማር እዛው ቀዳዳ ላይ መልሶ መምታት አይያዝም፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው የሚመታው፣ ሸለቆው ላይ አይደለም። የቀድሞው ቀዳዳ ለብቻው በሬንጅ ይደፈናል። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰውም ሚስማር የተመታበት መስመር ላይ ነው መራመድ ያለበት፣ ሥሩ እንጨት አለ።

አከራይሽ ሲመጡ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ግንቡን ከአሸንዳው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ አስበስተው አጭር ቱቦ ያስወጡ። ቱቦው ሲዘጋ ውሃው ቤት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በዚያ ወደ ደጅ ይተፋል። ዋጋው ከኮርኒስ ቅያሪ ጋር አይወዳደርም።

ሰናይት ቦኩ (በማግስቱ፣ ጠዋት 3፡10)
እኔም ቤት ተመሳሳይ ነው፣ ይሄን ሳይ ነው የገባኝ። የአሸንዳው አፍ ላይ ወንፊት ይደረግ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ የት ይገኛል? ራሴ ላድርገው?

ቆርቆሮ መቺው (3፡25)
የአሸዋ ወንፊት ሽቦ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሁሉ አለው፣ ትንሽ ቆርጠው ይሸጡልሻል። ጠፍጣፋ አድርገሽ ግን አትክደኚው፣ አንድ ቅጠል ይዘጋዋል። እንደ ሲኒ ገልብጠሽ ጉብ አድርገሽ አስገቢው። በረዶ ግን ወንፊትም ላይ ይቆማል፣ ከግንቡ ወደ ደጅ የሚወጣው አጭር ቱቦ አይቀርም።